ስምና አድራሻ፦ ኢንዴክስ ከወረቀት ወደ ስክሪን ሲሻገር

የአንድ መጽሐፍ ፋይል ከፍታችሁ «ወባ» የሚለውን ቃል ፈለጋችሁ እንበል። ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ቦታ ያገኛል። አንዱ ገጽ 12 ላይ ነው። ደራሲው ጎረቤቱን ሲያማ «እንደ ወባ ትንኝ እንቅልፍ የሚነሣ ሰው» ይላል። ስለ በሽታው አንዲት ነገር የለበትም። ገጽ 84 ላይ ደግሞ ስለ ወባ ወረርሽኝ ሦስት ሙሉ አንቀጽ አለ። ደራሲው ግን እዚያ «ያ ትኩሳት» እያለ ነው የሚጠራው፤ «ወባ» የሚል ቃል አንዴም አልጻፈም። ፍለጋው ገጽ 12ን አመጣ፣ ገጽ 84ን ዘለለ።

የኢንዴክስ ሠሪ ሥራ የዚህ ግልባጭ ነው። ገጽ 12ን ይተዋል፣ ገጽ 84ን ይይዛል።

«መጠቁም» የሚሉት አሉ። እኔ ብዙ ሰው በሚያውቀው ስሙ ኢንዴክስ እላለሁ። ከማውጫ ጋር ግን አይምታታ። ማውጫ መጽሐፉ ፊት ላይ ተቀምጦ ምዕራፎቹን በተራ ይነግራችኋል። ኢንዴክስ መጨረሻ ላይ በፊደል ተራ ተደርድሮ «ይህ ጉዳይ የት የት ተነሥቷል?» ላለ ሰው ይመልሳል። ሲጨመቅ ሁለት ነገር ነው፦ ስምና አድራሻ። ስሙ ጉዳዩ የሚጠራበት ነው፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ የገጽ ቁጥር ነው። ስለ ወረቀትም አወራሁ ስለ ሶፍትዌር፣ ወይም ስለ ኤሌክትሮኒክ ኅትመት፣ ነገሬ ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጣም። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ከአድራሻው ልጀምር፤ ታሪኩ ይገርመኛል። በ1230 አካባቢ ፓሪስ ውስጥ ሂዩ ዘሳን ሼር የሚባል የዶሚኒካን መነኩሴ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያሉትን ቃላት ከነቦታቸው ለቀመ። ግን ቦታውን በምን ይንገር? ያኔ መጽሐፍ በእጅ ነው የሚገለበጠው። የአንዱ ቅጂ አሥረኛ ቅጠል ከሌላው አሥረኛ ቅጠል ጋር አይገጥምም። ስለዚህ የገጽን ነገር ትተው መጽሐፉንና ምዕራፉን ያዙ። ምዕራፉ ሰፊ ሲሆንባቸው በሐሳባቸው ለሰባት ከፈሉትና ከኤ እስከ ጂ ፊደል ሰጡት። አድራሻው ከወረቀቱ ተላቀቀ ማለት ነው። ማንኛውም ቅጂ ላይ ይሠራል።

ቆይቶ ማተሚያ መጣ። አንድ ሺህ ቅጂ ቢታተም አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። በ1470 ኮሎኝ ውስጥ አርኖልድ ቴርሁርነን የተባለ አታሚ ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ቅጠሎች ላይ ቁጥር አተመበት። ከዚያ በኋላ የገጽ ቁጥር ቀስ በቀስ የኢንዴክስ ሁሉ አድራሻ ሆነ። ይህን ነገር ያዙልኝ። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ስክሪን መጥቶ ገጽን ሲያፈርሰው ወደ ሂዩ ጣጣ ተመልሰናል።

አሁን ወደ ስሙ። ቁጥር መደርደር ብቻ ቢሆን ዕዳው ገብስ ነበር። ኮምፒውተሩ ያገኛቸውን ዘጠኝ ቦታዎች እንዳሉ ብናወርዳቸው እንዲህ ይሆናል፦

ወባ፣ 3፣ 12፣ 17፣ 22፣ 45፣ 46፣ 51፣ 78፣ 112

ይህን ያየ አንባቢ ምን ያድርግ? ዘጠኙንም ከፍቶ ሊያይ ነው? ሁለት ሦስቱን ከፍቶ ይተወዋል። አሁን አንድ ሰው መጽሐፉን አንብቦ የሠራውን እዩ፦

ትኩሳት፦ *ወባ*ን ይመልከቱ
ወባ
— መከላከያው፣ 45–46
— ምልክቶቹ፣ 17
— በነፍሰ ጡሮች ላይ፣ 78
— የወረርሽኙ ታሪክ፣ 84

ገጽ 3፣ 22፣ 51 እና 112 ወጥተዋል። በሽታው እዚያ ላይ በስም ብቻ ነው የተነሣው፤ ሄዶ ላነበበው ሰው የሚጨምሩለት ነገር የለም። 45ና 46 በሰረዝ ተያይዘዋል፤ ወሬው ሳይቋረጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚሻገር። «ትኩሳት» ብሎ የሚመጣ አንባቢም አልተረሳም። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ትኩሳት ሲባል ወባ ስለሆነ በሩ ተከፍቶለታል። «ይመልከቱ» የምትለዋ ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ ለእኔ ግን የኢንዴክሱ ግማሽ ጥበብ እሷ ናት። በእርግጥ ጉድ የምታፈላበትም ጊዜ አለ። «ንብ፦ ማርን ይመልከቱ» ይላል፤ ማር ላይ ስትሄዱ «ማር፦ ንብን ይመልከቱ»። ሳቅ የሚመጣው መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ነው።

የፊደል ተራውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። «ቤተ ክርስቲያን» እና «ቤተሰብ» ከሚሉት የትኛው ይቅደም? ቃል በቃል ከደረደራችሁ «ቤተ» ብቻዋን አንድ ቃል ናትና ቤተ ክርስቲያን ትቀድማለች። ክፍተቱን ረስታችሁ ፊደል በፊደል ከሄዳችሁ ደግሞ ሰ ከከ በፊት ነውና ቤተሰብ ይቀድማል። ሁለቱም ትክክል ነው። ስሕተቱ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ማድረግ ነው። ኮምፒውተር ሲጨመርበት «ሀይል»፣ «ሐይል»፣ «ኀይል» እና «ኃይል» ለእሱ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አራት ቦታ ይበትናቸዋል። አንዱን አጻጻፍ መርጦ ሌሎቹን ወደ እሱ መላክ የሰው ሥራ ነው።

ኮምፒውተሮች ወደዚህ ሥራ ሲገቡ የመጀመሪያው ሐሳብ «ማሰቡን እንተወውና ማሽኑ የሚችለውን እናሠራው» የሚል ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ አይቢኤም ውስጥ ይሠራ የነበረው ሃንስ ፒተር ሉን ክዊክ የሚባለውን ዘዴ አመጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። «የወባ ትንኝ መራቢያ ቦታዎች» የሚል ጽሑፍ ካለ ማሽኑ ርእሱን አራት ጊዜ ያሽከረክረዋል። አንዴ «ወባ» መሐል ላይ ይቆማል፣ አንዴ «ትንኝ»፣ አንዴ «መራቢያ»፣ አንዴ «ቦታዎች»። ግራና ቀኙ ላይ የቀረው ርእስ ይታያል። እንደ «እና»፣ «ስለ»፣ «ነው» ያሉ ቃላት አስቀድመው በዝርዝር ተይዘው ይዘለላሉ። ሰው ሳያነብ በሺህ የሚቆጠር ርእስ በአጭር ጊዜ ይደረደራል። ለኬሚስቶችና ለመሰሎቻቸው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ሳይንሳዊ ርእስ ብዙውን ጊዜ የያዘውን ይናገራላ። ደራሲው «ያ ትኩሳት» ብሎ ርእስ የሰጠ ቀን ግን ዘዴው ባዶ እጁን ይቀራል።

አሜሪካዊው የመረጃ ባለሙያ ዩጂን ጋርፊልድ በሌላ በኩል መጣ። ስም መስጠቱን ጭራሽ ትቶ ማን ማንን እንደጠቀሰ ለቀመ። አንድ ጽሑፍ በሌላው ከተጠቀሰ ሁለቱ ስለ ተቀራራቢ ነገር ያወራሉ ማለት ነው፤ ቃላቸው ባይገጥምም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የሳይንስ ጥቅሶች ኢንዴክሱ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ብልህ ሐሳብ ነው። ዛሬ ተመራማሪን በጥቅስ ብዛት መመዘኛ መሆኑ ሌላ ወሬ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ላይ ደረስን። ኤሌክትሮኒክ ኅትመት ሲባል ብዙዎቻችን ስክሪን ላይ የሚነበብ መጽሐፍ ነው ትዝ የሚለን። በእርግጥ ማይክል ሃርት በ1971 የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ኮምፒውተር ላይ ተይቦ የጉተንበርግ ፕሮጀክትን ጀምሯል። ከዚያ በፊት ግን ቀድመው ወደ ማሽን የገቡት ኢንዴክሶች ናቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ከ1879 ጀምሮ የወጣ ኢንዴክስ ሜዲከስ የሚባል የሕክምና ጽሑፎች ኢንዴክስ ነበረው። እየወፈረ ሄዶ በእጅ ማዘጋጀቱ አቃተ። በ1964 ሥራው ሜድላርስ ወደሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ገባ። ዓላማው ወረቀት ማተም ነበር። ኮምፒውተሩ መረጃውን ደርድሮ፣ በማግኔት ቴፕ ለፊደል ለቃሚው ማሽን ይሰጣል። በኋላ ግን ሰዎች ቴፑን አዩት። መረጃው ሁሉ እዚያ ላይ አለ። ለምን በቀጥታ አንጠይቀውም? በ1971 ሜድላይን በስልክ መስመር ተከፈተ። ለማተሚያ ተብሎ የተሠራው ቴፕ ዳታቤዝ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ወረቀቱ ግን እስከ 2004 ድረስ አብሮት ዘለቀ።

እዚህም ስሙ ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ከ1960 ጀምሮ ሜሽ የሚባል የስያሜ መዝገብ አለው። አንድ በሽታ አንድ ስም ብቻ ይኖረዋል፤ ሌሎቹ መጠሪያዎች ወደዚያ ይመራሉ። ባለሙያዎች ጽሑፉን ያነባሉ፣ ከመዝገቡ ላይ ስሞች መርጠው ይሰጡታል። በ2022 ይህ ስያሜ የመስጠት ሥራ ወደ አውቶማቲክ ዞሯል፤ ሰዎቹ አሁን ማሽኑ የሰጠውን የሚያርሙ ሆነዋል። ማሽኑ የተማረው ሰዎቹ በአሥርተ ዓመታት ከሰጧቸው ስሞች መሆኑን ግን አንርሳ።

በ1970ዎቹ እንደ ዳያሎግ ያሉ የንግድ አገልግሎቶች ሲመጡ ፍለጋ በሰዓት የሚከፈልበት ነገር ሆነ። ተመራማሪው ራሱ አይፈልግም። ላይብረሪያኑ አስቀድሞ ጥያቄውን ወረቀት ላይ ይጽፋል፦ «ወባ ወይም ማላሪያ፤ እና መከላከያ ወይም ክትባት»። ደጋግሞ ያየዋል። ከዚያ ነው ስልኩን የሚደውለው። መስመር ላይ ሆኖ መንተባተብ ገንዘብ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲዲ ሮም መጥቶ ሜትሩን አጠፋው። አንዱ ሲዲ 650 ሜጋ ባይት አካባቢ ይይዛል፤ ያኔ በፍሎፒ ዲስክ ቢሆን ከ450 በላይ ፍሎፒ ነው። ዋጋው በዓመት ተከፍሎ አለቀ፤ ተማሪውም ራሱ ገብቶ እስኪበቃው ተሳስቶ ፈልጓል።

አሁን ማሽኑ ውስጥ ምን እንደሚሆን በቅርብ እንይ። ዩኔስኮ በ1985 መጨረሻ ለግል ኮምፒውተር ያወጣውና በነጻ ያደለው ሲዲኤስ አይሲስ የሚባል የቤተ መጻሕፍት ዳታቤዝ ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በብዙ አገር ያለ ላይብረሪያን እጁን የፈታው በእሱ ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ቁጥር አለው። መዝገቡ ውስጥ መረጃው በፊልድ፣ ማለትም ለየመረጃው ዓይነት በተመደበ ቦታ፣ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ከፕሮግራሙ ጋር በሚመጣው ናሙና ዳታቤዝ ላይ ፊልድ ቁጥር 24 ርእስ ነው፣ ቁጥር 70 ደራሲ፣ ቁጥር 69 ቁልፍ ቃላት።

አሁን «ወባ» ብላችሁ ስትፈልጉ ፕሮግራሙ መዝገቦቹን አንድ በአንድ አያነብም። ያኔ በነበሩት ማሽኖች ያንን ቢያደርግ ሻይ ጠጥታችሁ ትመለሱ ነበር። አስቀድሞ ሌላ ፋይል ሠርቷል፤ የተገለበጠ ፋይል ይሉታል። እዚያ ላይ ቃላቱ በፊደል ተራ ተደርድረው ከእያንዳንዱ ጎን የመዝገብ ቁጥሮች አሉ። የመጽሐፍ ጀርባ ኢንዴክስ ማለት ነው! ዛሬም ትልልቆቹ የፍለጋ ሞተሮች መሠረታቸው ይኸው ነው። ፍለጋ ኢንዴክስን አላስቀረውም፤ እኛ እንዳናየው ውስጥ አስገባው እንጂ።

ያ ፋይል ምን እንደሚይዝ የሚወስነው ግን ዳታቤዙን ያዘጋጀው ሰው ነው። ለየፊልዱ አንድ የኢንዴክስ ዘዴ ይመርጣል። ዘዴ 0 ካለ መስመሩን እንዳለ አንድ ስም አድርጎ ይወስደዋል። ዘዴ 4 ካለ እያንዳንዱን ቃል ለብቻ ያወጣል። ዘዴ 2 ካለ በማዕዘን ቅንፍ የታጠረውን ብቻ ይይዛል፤ ቁልፍ ቃሉን <የወባ መከላከያ> ብላችሁ ካጠራችሁት ሳይሰበር ይገባል። ለርእስ 4፣ ለደራሲ 0፣ ለቁልፍ ቃላት 2 ይመቻል። እኔ በጀማሪነቴ ሁሉንም 4 አድርጌው ነበር። የደራሲዎቹ ስም ቃል በቃል ተበጣጠሰ። አንድ ዮሐንስ ስፈልግ የዮሐንስ ዘር በሙሉ መጣብኝ፤ አያቱ ዮሐንስ የሆነም ሳይቀር። ሌላው የዘወትር ስሞታ «ትናንት ያስገባሁት መጽሐፍ የለም» የሚል ነበር። መጽሐፉ አለ። የተገለበጠውን ፋይል እንዲያድስ ያዘዘው ሰው ግን የለም።

ትልልቆቹ ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ መረጃ የሚለዋወጡበት ማርክ የሚባለው ቅርጽ ከዚህ ይቀድማል፤ በ1960ዎቹ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በሄንሪየት አቭራም መሪነት የተሠራ ነው። አንዲት ነገሩን ብቻ ላሳያችሁ። ርእስ የሚገባበት ፊልድ 245 አጠገቡ ሁለት ትንንሽ ቁጥሮች አሉት። ሁለተኛዋ «ስትደረድር ከፊት ስንት ፊደል ልዝለል?» ለሚለው መልስ ናት። በእንግሊዝኛ «ዘ» (The) ብሎ ለሚጀምር ርእስ 4 ይጻፋል፤ ሦስቱ ፊደላት፣ አንዱ ክፍተት። 0 ብላችሁ ከረሳችሁት ያ መጽሐፍ «ዘ» ከሚሉ በሺህ ከሚቆጠሩ ርእሶች መሐል ይቀበራል። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ አለ፤ አድራሻው ግን ጠፍቷል።

ከዚያ ይህ መረጃን በፊልድ የመክፈል ነገር ከላይብረሪያኑ ጠረጴዛ ወደ ተመራማሪው ጠረጴዛ ወረደ። በ1980ዎቹ ፕሮሳይት፣ ሬፈረንስ ማኔጀር፣ ኤንድኖትና ቢብቴክ የሚባሉ የዋቢ መያዣ ፕሮግራሞች መጡ፤ በ2006 ደግሞ በነጻ የሚገኘው ዞቴሮ። ሐሳባቸው አንድ ነው። የዋቢውን መረጃ አንድ ጊዜ በፊልድ ከፋፍለህ አስገባ፤ በየትኛው የአጻጻፍ ስልት ይውጣ የሚለውን ለእኔ ተወው። እውነትም ግልግል ነው። ነጠላ ሰረዝ ሲያሳድድ ሌሊቱ የነጋበት ሰው ያውቀዋል። ደካማ ጎናቸው ስም ላይ ነው። የአባት ስምን እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረው ወደ ፊት ያመጡታል። አብዛኞቹ አይስላንዶች የቤተሰብ ስም ስለሌላቸው የስልክ ማውጫቸው ሳይቀር በራስ ስም ነው የሚደረደረው፤ ሶፍትዌሩ ግን ገልብጧቸው ያርፋል። ዞቴሮ ውስጥ ስምን በሁለት ሣጥን ሳይሆን በአንድ ሣጥን ማስገባት ይቻላል። የማይከፈል ስም ሲገጥማችሁ እሷን ተጠቀሙ። ቢብቴክ ደግሞ በብዙ ስልቶቹ የርእሱን ትልልቅ ፊደላት ትንሽ ያደርጋቸዋል፤ የአገር ስም ሳይቀር። እንዳይነካው ከፈለጋችሁ ቃሉን በጥምዝ ቅንፍ ማጠር ነው። ከዳታቤዝ በአንድ ክሊክ የሚመጣውን መረጃም ሳታዩ አትመኑት። በትልቅ ፊደል ብቻ የተጻፈ ርእስ፣ «ስም የለሽ» የሚባል ደራሲ፣ ሁለት ጊዜ የገባ ጽሑፍ ሁሉ አብሮ ይመጣል።

ወደ ገጽ እንመለስ። አንድ ጊዜ የ300 ገጽ መጽሐፍ ኢንዴክስ ሠርቼ አስረከብኩ። ከዚያ በኋላ አሳታሚው ገጽ 61 ላይ ሁለት ገጽ ፎቶ ጨመረ። «ሁሉም ላይ ሁለት ደምርበት፤ ምን ችግር አለው?» አሉኝ። ደመርኩ። ለካ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ሠንጠረዥ ወጥቶ ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የተገፋው በአንድ ብቻ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ። ያኔም ማክሬክስና ሲንዴክስ የሚባሉ የባለሙያ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ ይደረድራሉ፣ እርስ በርሱ የሚዞረውን «ይመልከቱ» ይይዛሉ፣ መጽሐፉን ግን አያነቡም።

ስክሪን ላይ የሚነበብ መጽሐፍ ይህን ችግር ጥግ ድረስ ወሰደው። ፊደሉን አንድ ደረጃ ብታሳድጉት 84ኛው ገጽ 97ኛ ይሆናል። ብዙ ቀደምት ኢመጽሐፎች ኢንዴክሳቸውን ቆርጠው ጣሉት፤ አንዳንዶቹ የታተመውን የገጽ ቁጥር ይዘው ወጡ፤ ቁጥሩ የትም አይወስድም። መፍትሔው የሂዩ መፍትሔ ነው፤ አድራሻውን ከወረቀቱ ማላቀቅ። በ1991 የተጀመረው አርካይቭ (arXiv) የሚባል የጽሑፎች ማከማቻ ለእያንዳንዱ የፊዚክስ ጽሑፍ የራሱ መለያ ቁጥር ሰጠ፤ ፋይሉ የትኛው ሰርቨር ላይ ቢቀመጥ ቁጥሩ አይቀየርም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዲኦአይ (DOI) የሚባለው ቋሚ መለያ ይህንኑ ለአሳታሚዎች ሁሉ አመጣው። ሊንክ ሲሰበር ዲኦአዩ አይሰበርም፤ አሳታሚው አዲሱን ቦታ መዝገቡ ላይ እስካስተካከለ ድረስ።

በመጽሐፉ ውስጥ ላለው አድራሻም እንዲሁ። ኢንዴክሱን መጨረሻ ላይ ለብቻ ከመጻፍ ይልቅ ስያሜው ጽሑፉ ውስጥ፣ ጉዳዩ ካለበት አንቀጽ ላይ በድብቅ ምልክት ይተከላል። ወርድ በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ውስጥ ኤክስ ኢ (XE) የሚባለው ምልክት ይህ ነው። ገጹ ቢገፋ ምልክቱ አብሮ ይገፋል። ከእንዲህ ያለ ምልክት ለወረቀቱ የገጽ ቁጥር ይወጣል፣ ፕሮግራሙ ከቻለ ደግሞ ለስክሪኑ ሊንክ። ጉዳዩ ገጽ የሚሻገር ከሆነ ከየት እስከ የት እንደሆነም ምልክት ይደረግበታል፤ ይህ ከተረሳ 45–46 የነበረው 45 ብቻ ይሆናል።

አርታዒው ያንን አንቀጽ ሲሰርዝ ግን ምልክቱም አብሮ ይሰረዛል። ማንም አይጮህም፣ ፕሮግራሙም ቀይ አያሳይም። ስሙ ዝም ብሎ ከኢንዴክሱ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ እኔ የመጨረሻው እርማት ከገባ በኋላ የድሮውንና የአዲሱን ኢንዴክስ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ የምፈልገው የተጨመረውን አይደለም፤ የጎደለውን ነው። ቀጥሎ ከየፊደሉ አንድ አንድ ስም መርጬ እከፍታለሁ፤ እንደ ገጽ 84 ቃሉ ሳይጻፍ ጉዳዩ ወዳለበት ቦታ ከሚልኩት ውስጥ ደግሞ አንዷን ሳልከፍት አላልፍም።